ኢንተርፖል መግባት ለምትፈልገው የሕግ ተማሪ

እኅቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። የቡሬ ልጅ ነሽ፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አራተኛ ዓመት ሕግ ትማሪያለሽ፣ ኢንተርፖል ገብተሽ ድንበር ተሻጋሪ ወንጀለኞችን ማሳደድ ነው ያማረሽ። ቤት ደግሞ "ዳኛ ሁኚና አርፈሽ ተቀመጪ" ይሉሻል። ከየት ልጀምር ነው ጥያቄሽ።

እስቲ መጀመሪያ ፊልሙን እንርሳው። ኢንተርፖል ሄዶ ሰው አያስርም። ዋና መሥሪያ ቤቱ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ነው፤ 196 አባል አገሮች መረጃ የሚለዋወጡበት ድርጅት ነው። ቀይ ማስታወቂያ፣ ማለትም "ይህን ሰው ፈልጋችሁ ያዙልን" የሚል ጥያቄ ለአባል አገሮች ቢያወጣ እንኳ ተፈላጊውን የሚይዘው የየአገሩ ፖሊስ ነው።

ወንጀሉ ግን ከቡሬም አይርቅም። ልጁ በመተማ ወጥቶ ሊቢያ የታገተበት አባት በሬውን ሸጦ ባንክ ይሰለፋል። አጋቾቹ ያሉት ሊቢያ፣ ብሩ የሚገባው ግን እዚሁ አገር በተከፈተ አካውንት። ለአንድ የማይታወቅ ሰው ከየወረዳው ብር ይገባለታል፣ በዚያው ቀን ወጪ ይሆናል። ይህን አይታ "ነገሩ አላማረኝም" ብላ ለኮምፕሊያንስ ክፍሏ (ባንኩ ሕግ መከተሉን ለሚቆጣጠረው ክፍል) የምታሳውቅ የባንክ ሠራተኛ ምርመራውን ጀመረችው ማለት ነው። ባንኩ አጠራጣሪ የገንዘብ ዝውውርን ለሚመረምረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎት ሪፖርት ያደርጋል፣ ከዚያ ወደ ፖሊስ ይሄዳል።

ኪዳኔ ዘካርያስን ሰምተሽ ይሆናል። ሊቢያ ውስጥ ስደተኞችን በማገት ሲፈለግ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ አበባ ከፍርድ ቤት ያመለጠው ሰውዬ። በ2023 መጀመሪያ ሱዳን ላይ ተያዘ፤ የኤምሬትስ ፖሊስ ከኢንተርፖል ጋር ሆኖ የወንድሙን የገንዘብ ዝውውር ተከትሎ ነው የደረሰበት። ገንዘቡን ነው የተከተሉት፣ ገባሽ?

ስለዚህ ሒሳብ አያያዝ መማር አለብሽ። አውቃለሁ፣ ሕግ የገባችሁት ከቁጥር ሸሽታችሁ ነው፣ ግን የባንክ ስቴትመንት ማንበብ የሚችል የሕግ ባለሙያ እንደ ልብ አይገኝም። የመመረቂያ ጽሑፍሽንም በአገሮች የሕግ ትብብር ላይ አድርጊው። ድንበር ተሻጋሪ የተደራጀ ወንጀልን የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት የፓሌርሞ ስምምነት (እ.ኤ.አ. 2000) እና የፀረ ሙስና ስምምነቱ (እ.ኤ.አ. 2003) አሉልሽ፣ ኢትዮጵያ የሁለቱም አባል ናት። በሙስና ተዘርፎ ውጭ የተደበቀ ገንዘብ የሚመለሰውም በዚሁ መንገድ ነው፤ አንዱ አገር ለሌላው በጽሑፍ ይጠይቃል። ታዲያ ጥያቄው ተድበስብሶ ከተጻፈ፣ የየትኛው ባንክ የትኛው አካውንት እንደሆነ ካልጠቀሰ፣ ድርጊቱ በዚያም አገር ወንጀል መሆኑን ካላሳየ፣ ወራት ፈጅቶ "አብራሩልን" ተብሎ ይመለሳል። በደህና እንግሊዝኛ፣ ፍሬ ነገሩን ሳታንዛዢ መጻፍ ከቻልሽ ትፈለጊያለሽ። ዐረብኛ ብትጨምሪበት ደግሞ እሰየው።

ኤክስተርንሺፕሽን፣ የተግባር ልምምድሽን ማለቴ ነው፣ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ገብተሽ ሥሪው። ስትመረቂ ዐቃቤ ሕግነት ወይ የባንክ ኮምፕሊያንስ፣ የቀደመልሽን ያዢ። የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና ወንጀል መከላከያ ቢሮም ተለማማጅ ይቀበላል፣ የመጀመሪያ ዲግሪ የመጨረሻ ዓመት ላይ ያለም ማመልከት ይችላል። ደሞዝ ግን የለውም፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለባት ቪየና ደግሞ ርካሽ ከተማ አይደለችም፤ ሳታስቢበት እንዳትገቢ።

ለቤተሰብሽ ዳኝነቱን አልተውኩትም በያቸው፣ ዐቃቤ ሕግ የነበረ ሰው ዳኛ መሆን ይችላል። የመመረቂያ ርዕስሽን ስትመርጪ ላኪልኝና አየዋለሁ።