ፕሪንተር ከመግዛትሽ በፊት ወረቀቱን እይው

ሰላም እህቴ። «በጥጥ ወረቀት ላይ ያተምኩት በእጅ የተሠራ የአኮርዲዮን መጽሐፍ (ረጅም ወረቀት ወዲያና ወዲህ እየተጣጠፈ የሚሠራ) ፎቶው ደብዝዞ፣ ፊደሉ ወፍሮ ወጣብኝ፤ የተሻለ ኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም የሚረጭ ፕሪንተር) ልግዛ?» ላልሽው እኔ ገና አትግዢ ባይ ነኝ።

ወረቀት ጥጥ ስለሆነ ብቻ ለኢንክጄት አይሆንም። ላዩ ላይ ቀለም የሚይዝ ቅብ ከሌለው ቀለሙ ወደ ውስጥም ወደ ጎንም ይሰርጋል፤ ጥቁሩ ግራጫ የሚመስለው ለዚህ ነው። የኛ ፊደል ደግሞ ይህን አይችልም። በትንሽ መጠን ሲታተም የ«ሜ» ቀለበት ይደፈንና ከ«ሚ» ጋር ይምታታል። ለኢንክጄት ተብሎ የተቀባ ማት (የማያብረቀርቅ) የጥጥ ወረቀት አለ፤ እሱን ፈልጊ። ብዙው የሚቀባው በአንድ ገጹ ብቻ ነው። ተሰፍቶ ለሚጠረዝ መጽሐፍ ይህ ትልቅ ራስ ምታት ነው፤ ያንቺ ግን አኮርዲዮን ስለሆነና በአንድ ፊት ስለሚታተም ይበቃሻል፣ በሁለቱም ፊት ለተቀባው ተጨማሪ ገንዘብ አታውጪ። የተቀባው ፊት የቱ እንደሆነ ካልለየሽ ጣትሽን በጥቂቱ አርጥበሽ ጥጉን ንኪው፤ የሚይዝሽ እሱ ነው።

ብዙው ፕሪንተር ምን ወረቀት እንደጎረሰ በራሱ አያውቅም። የቀለሙን መጠን የሚወስነው «የወረቀት ዓይነት» ከሚለው ላይ በመረጥሽው ነው። ማት አስገብተሽ ግሎሲ (የሚያብረቀርቅ) ካልሽው፣ ለማት ወረቀት ማት ጥቁር፣ ለግሎሲ ፎቶ ጥቁር የሚባል ቀለም ለየብቻ ያለው ፕሪንተር የማይሆነውን ጥቁር ያወጣል። የወረቀቱ አምራች የቀለም ፕሮፋይል (ቀለሙ በዚያ ወረቀት ላይ በትክክል እንዲወጣ የሚረዳ ፋይል) ካለው እሱን ጫኚ። ፎቶው ከስክሪኑ ይልቅ ጨልሞ ከወጣ ደግሞ መጀመሪያ የስክሪንሽን ብርሃን ቀንሺ።

ፎቶው በሚታተምበት ስፋት ልክ በኢንች 300 ፒክስል ይኑረው። ጽሑፉን ግን ወደ ምስል አትለውጪው፤ ፊደሉን (ፎንቱን) ፒዲኤፉ ውስጥ አካተሽ አትሚ።

ከእኔ በፊት «ኮፒ ቤት ሄደሽ በሌዘር አሳትሚ» ያሉሽ ለጽሑፉ ልክ ናቸው፤ ቶነር (የሌዘር ፕሪንተር የዱቄት ቀለም) አይሰርግም። ግን ወረቀቱ ላይ እንደ ቅርፊት ስለሚቀመጥ እጥፉ ላይ ይላጣል፣ ሸካራ ወረቀት ላይም ጉድጓዱን ዘሎ ያልፋል። ለአኮርዲዮን አልመርጠውም።

የኢንክጄት ወረቀቱ ቅብም ቢሆን ሊሰነጠቅ ይችላል፣ በተለይ የወረቀቱን ቃጫ (ክሮቹ የሚሄዱበትን አቅጣጫ) አቋርጠሽ ካጠፍሽ። እጥፉን ከቃጫው ጋር አስሂጂው፤ ከማጠፍሽ በፊት ስለት በሌለው ነገር መስመሩን ተጫኚው። ጥቁር የበዛበትን የፎቶ ክፍል ከእጥፉ አርቂ፣ ነጭ መስመር የሚታየው እዚያ ነው። አትመሽ ወዲያው አትጠፊ፤ አንድ ቀን ይደር።

አሁን የያዝሽውን ወረቀት ስምና የፕሪንተሩን ሞዴል ጻፊልን፣ ፕሮፋይል ካለው አብረን እንፈልጋለን።