መስከረም ላይ በኮርሳ ከከተማ ለመውጣት፦ መንገዱን በመመለሻው ምረጥ

ሰላም ለቤቱ። የጠየቅኸው ባጭሩ ይህ ነው፦ መገናኛ አካባቢ ትኖራለህ፤ ሰልባጅ ኮርሳ (የእሽቅድምድም ብስክሌት) ገዝተሃል፤ ክረምቱ ወጣ ሲል ለውድድር ሳይሆን አደይ አበባውንና ሜዳውን እያየህ ቅዳሜ ጠዋት ሃምሳ ስልሳ ኪሎ ሜትር መንዳት አምሮሃል። ሱሉልታ፣ ቢሾፍቱ ወይስ ሰንዳፋ? ብስክሌቱስ ምን ይደረግለት?

መልሴ ሰንዳፋ ነው ወንድሜ። አዲስ አበባ ዙሪያ መንገድ የሚመረጠው በመሄጃው ሳይሆን በመመለሻው ነው። ቢሾፍቱ ሲሄዱበት ቁልቁል ስለሆነ ሁሉም ይወደዋል። ከተማዋ ግን 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መገናኛ ደግሞ ወደ 2,400 ይጠጋል። ስለዚህ እግርህ ከዛለና ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች በኋላ 500 ሜትር ያህል ከፍታ መልሰህ ልትወጣ ነው። በዚያ ላይ የድሮው የአቃቂና ዱከም መንገድ ከባድ መኪና ይበዛበታል፤ ፈጣን መንገዱ ደግሞ ለብስክሌት አይፈቀድም።

ሱሉልታ ሜዳው መስከረም ላይ ወደር የለውም፤ ይህን አልክድም። ግን ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወጥተህ፣ ጫፉን አልፈህ ወደ ሜዳው ትወርድና ስትመለስ ያንኑ ጫፍ ከወዲያ በኩል ደግመህ ትወጣዋለህ። ከዚያ ወደ ከተማው የሚያወርደው ረጅም ቁልቁለት አለ፤ ፍሬኑን ገና ላላወቀው ሰው እርጥብ አስፋልት ላይ የሚመከር አይደለም። ለጥቅምት አቆየው። የሆለታው መስመር ገፈርሳን ካለፈ በኋላ ደስ ይላል፤ ሆኖም ቡራዩን እስክትወጣ ድረስ ያለው ግርግር አንተን ከመገናኛ የሚመጣውን ያሰለቻል። ለአስኮና ለአየር ጤና ሰው ግን አንደኛ ነው።

ወደ ሰንዳፋ በኮተቤና ካራ፣ አለዚያም በሲኤምሲና አያት ወጥተህ ለገጣፎን ካለፍክ በኋላ መንገዱ ሰፊ ሜዳ ላይ ትንሽ ትንሽ ከፍና ዝቅ እያለ ይሄዳል። ደርሶ መልስ ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰንዳፋ ከመገናኛ ከፍ ስለሚል፣ በጥቅሉ ሲታይ ወደ ቤት የምትመለሰው እየወረድክ ነው። ነፋሱም ይረዳሃል፦ ዝናቡ ካቆመ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ስለሚነፍስ ስትሄድ ፊትህን፣ ስትመለስ ጀርባህን ይመታሃል። ሄደህ ሳለ «ዛሬ አልበረታሁም» ብለህ ተስፋ እንዳትቆርጥ፤ ሲዞር ታየዋለህ። መስከረም መጀመሪያ ላይ ነፋሱ ገና ስላልረጋ በዚህ አትተማመን። ሯጮች በጠዋት የአስፋልት ልምምድ የሚያደርጉበት መንገድ ነው፤ ከኋላቸው የሚከተላቸው መኪና ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ለማለፍ አትቸኩል፣ ከኋላ የሚመጣውን እይ። ከሰንዳፋ ወዲያ ወደ አለልቱ ለመቀጠል ካማረህ ደግሞ ከመነሳትህ በፊት የሰሞኑን የመንገድ ሁኔታ የሚኒባስ ሹፌሮችን ጠይቅ። ሳይጠይቁ ርቆ መሄድ ዛሬ ላይ አይመከርም።

ሰዓቱ የመንገዱን ያህል ዋጋ አለው። መስከረም ላይ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ነው፤ መንገዱ መታየት እንደጀመረ ውጣ፣ የኋላ ቀይ መብራት አብራ፣ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ግባ። ክረምት ወጣ ቢባልም እስከ መስቀል አካባቢ ድረስ ከሰዓት በኋላ ደመና ይሰበሰባል፤ ነጎድጓድና በረዶ ያዘለ ዝናብ በሜዳ ላይ ካገኘህ መጠለያ ብሎ ባሕር ዛፍ ሥር መቆም አይደለም፤ ሰው ቤት ወይም ሱቅ ግባ። ደመራና መስቀል ዋዜማ ላይ ከከተማ የሚወጣው መኪና ስለሚበዛ እነዚያን ቀናት እለፋቸው።

አሁን ወደ ብስክሌቱ። ሰልባጅ ኮርሳ ላይ በመጀመሪያ የምታየው ቸርኬውን ነው። ማግኔት አስጠጋበት፦ ከያዘው ብረት ነው፣ ካልያዘው አሉሚኒየም። የብረት ቸርኬ ሲርስ የፍሬን ጎማው ይንሸራተትበታል፣ የማቆሚያው ርቀትም በጣም ይረዝማል። መስከረም ደግሞ ጠዋት አስፋልቱ ጤዛ ነው። ብረት ከሆነ ወይ ቸርኬውን ቀይር ወይ ደረቅ ቀን ብቻ ንዳ፤ መሀል መንገድ የለውም። አሉሚኒየም ከሆነ የፍሬን ጎማዎቹን ፍታ። ክረምቱን የተቀመጡ ከሆነ ፊታቸው ይደነድናል፣ የአሸዋና የአሉሚኒየም ፍርፋሪም ይሰካባቸዋል፤ በመርፌ ልቀመውና ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪደበዝዝ ፈግፍገው። ማቆሚያውን ስትጨብጥ ካቦው የሚንቋቋና የሚከብድ ከሆነ ውስጡ ዝጓል፤ ዘይት ጠብ ከማድረግ ቀይረው፣ ርካሽ ነው።

መንገድ ላይ ረጅም ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኑን ያለማቋረጥ ይዘህ አትውረድ፤ ቸርኬው ይግላል፣ ጎማው ያረጀ ከሆነ ይፈነዳል። አጠር አድርገህ ያዝ፣ ከዚያ ልቀቅ። እርጥብ ከሆነ ገና ሳያስፈልግህ ቀደም ብለህ ነካ አድርገው፤ የመጀመሪያው ንክኪ ውኃውን ይጠርጋል፣ የሚይዘው ሁለተኛው ነው። ኩርባ ውስጥ ከመግባትህ በፊት ፍጥነቱን ቀንሰህ ጨርስ። ክረምቱ ያጠበው ጠጠርና አሸዋ የሚከማቸው ኩርባው ላይ ነው፤ እዚያ የፊቱን ፍሬን የሳበ ይወድቃል።

ማርሹን ብዙ ሰው ችላ ይላል። ቀላል ስሌት ላሳይህ። አንተና ብስክሌቱ አንድ ላይ 80 ኪሎ ብትመዝኑ፣ ዳገቱ 8 በመቶ ቢሆን፣ ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞር፦ በአሮጌ ኮርሳ ላይ የተለመደው ፊት 42፣ ኋላ 24 ጥርስ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር እንድትሄድ ያስገድድሃል፤ ለዚያ ዳገቱ ብቻ 230 ዋት ይጠይቃል። ፊት 34፣ ኋላ 32 ቢሆን በ8 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ትወጣለህ፤ የሚጠይቅህም 140 ዋት ነው። የመጀመሪያውን ለመዝናናት የሚነዳ ሰው ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይችለውም፣ በተለይ አየሩ በሳሳበት በዚህ ከፍታ፤ ሁለተኛውን ግን እያወራ ይወጣዋል። ስለዚህ ከልብስና ከመነጽር በፊት ገንዘብህን የኋላው ጥርስ ላይ አውል። አንድ ጥንቃቄ፦ አጭር ክንድ ያለው ማርሽ ቀያሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ28 ጥርስ በላይ አይሸከምም፤ 32 ካስገባህበት ካቴናው ይወጠርና ቀያሪውን ጎትቶ ይሰብረዋል። 28 ላይ ብትቆም እንኳ ልዩነቱ ይታወቅሃል።

ካቴናው ማለቁን በተራ 30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ማወቅ ይቻላል። ከአንድ ፒን መሀል ጀምረህ 20 ዓይን ቁጠር፤ አዲስ ካቴና ላይ ልክ 25.4 ሴንቲ ሜትር ነው። 25.6 ከደረሰ ቀይረው፤ አለዚያ የኋላውን ጥርስ ይበላውና ሁለቱንም ትገዛለህ። ለማጽዳት ነጭ ጋዝና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። በደንብ ከደረቀ በኋላ በየዓይኑ አንዳንድ ጠብታ ዘይት አድርገህ ውጭውን በጨርቅ ጥረገው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትጠቀም፤ ውስጡ የብረት ብናኝ አለ፣ አቧራም ይሰበስባል።

ጎማ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በመስከረም አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብብ፦ 622 ወይም 630 ይላል። አሮጌ ኮርሳዎች ብዙዎቹ 630 ናቸው፤ የዛሬው የተለመደው 622 ነው። ልዩነቱ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሻጩ «ይገባል» ይልሃል፤ አይገባም። ካላማዳሪው ግን ለሁለቱም ይሆናል። ፍሬሙ ከቻለው 28 ሚሊ ውፍረት ያለው ጎማ ምረጥ፤ 25ና 23 ለዚህ አስፋልት ቀጭን ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ28 ጎማ ፊት 70፣ ኋላ 80 ፒኤስአይ ይበቃል፣ በባር ሲሆን 4.8ና 5.5። ጎማው ላይ የተጻፈው የመጨረሻው መጠን እንጂ ምክር አይደለም። አጠንክሮ የነፋ ሰው ፈጣን የሆነ ይመስለዋል፤ በተቦረቦረ አስፋልት ላይ ግን ጎማው እየዘለለ ጉልበቱን ይበላዋል፣ እርጥብ ላይም ያዳልጠዋል። ከመጠን በላይ ከቀነስከው ደግሞ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ካላማዳሪው ከቸርኬው ጋር ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣዋል። ሁለት ቀዳዳ ካየህ እሾህ አትፈልግ፤ ነፋሱ አንሶ ነው።

አንድ ቀዳዳ ከሆነ ግን ምክንያቱን ሳታገኝ አዲስ ካላማዳሪ አታስገባ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ የሚረግፍ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የብረት ሽቦ ነው፤ በዓይን አይታይም። ጨርቅ ይዘህ የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን ጥረግ፤ ጨርቁ የሚይዝበት ቦታ ላይ ነው ያለው። ጣትህን አትላክ፣ ይቆርጥሃል። መንገድ ላይ አትለጥፍ፤ ቀይረህ ሂድ፣ ቤት ትለጥፈዋለህ። ስትለጥፍ ፈግፍግ፣ ማስቲሹን ቀብተህ ብልጭታው እስኪጠፋ አምስት ደቂቃ ጠብቅ፣ ብርድ ከሆነ ትንሽ ጨምር። የሚነቀል ልጥፍ ሁሉ ማለት ይቻላል እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ነው። የጎማው ጎን ከተቀደደ ድርብ የአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭ ከውስጥ አስደግፈህ በቀነሰ ነፋስ ቀስ ብለህ ትገባለህ።

ጎሚስታ በየመንገዱ አለ ብለህ አትዘናጋ። የኮርሳ ቫልቭ ቀጭን ነው፤ የጎሚስታው ቱቦ ደግሞ የመኪና ነው፣ አይገጥምም። ትንሿን መቀየሪያ ገዝተህ ከቫልቩ ጋር አስራት፣ የእጅ መንፊያም ያዝ። ጎሚስታው ሲነፋልህ በአጭር በአጭሩ እንዲለቅ ንገረው፤ የኮምፕረሰሩ ነፋስ ቀጭኗን ካላማዳሪ በአፍታ ያፈነዳታል። የያዝከው ዕቃ ሁለት ካላማዳሪ፣ ሁለት የፕላስቲክ የጎማ ማውጫ፣ መንፊያ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፎች ይሁን፤ የኋላው ጎማ በዳዶ የሚታሰር ከሆነ 15 ቁጥር መፍቻ። ይህችኛዋን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፣ ያለሷ ደግሞ ካላማዳሪው ቢኖርህም ምንም አታደርግም።

ፎቶ ለማንሳት ብለህ ወደ ጥርጊያ መንገድ አትግባ። አፈሩ ዋልካ ነው፤ በመስከረም ገና አልደረቀም። ሃምሳ ሜትር ሳትሄድ በጎማውና በፍሬኑ መካከል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል፣ ስትገፋው ደግሞ ቀለሙን ይልጠዋል። ብስክሌቱን አስፋልት ዳር አቁመህ በእግርህ ግባ፤ ጤፉ ገና ለጋ ስለሆነ በድንበሩ ላይ እንጂ በመሀሉ አትርገጥ።

ልብስ ላይ ብዙ አልልም። ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ ፍሬን የሚጨብጠው ጣት ስለሆነ ጓንት ቅንጦት አይደለም። ደረትህ ላይ ከጃኬቱ ሥር የድሮ ጋዜጣ አጥፈህ አስገባ፤ ነፋስን የሚያግድ ከዚያ የረከሰ ነገር የለም፣ ሲሞቅህም አውጥተህ ኪስህ ታደርገዋለህ። ሄልሜት ግዴታ ነው፣ በዚህ አልከራከርም።

ለምግብ በሶ ይበቃሃል። 50 ግራም ገደማ በደንብ የተነፋ በሶ፣ ትንሽ ስኳርና ቁንጥጫ ጨው በ750 ሚሊ ውኃ በጥብጠህ ያዝ፤ ከዚያ ካበዛኸው ይወፍርና የጠርሙሱን አፍ ይደፍነዋል። ጠርሙሱን በዚያው ቀን እጠብ፣ ካደረ ይኮመጥጣል። ሁለተኛው ጠርሙስ ንጹሕ ውኃ ይሁን። ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልግሃል፤ አንድ ሙዝ 25 ግራም ያህል አለው። ቆሎ ለቆመ ሰው ነው፤ እየተነፈስክ ከቃምከው ትን ይልሃል። ሰንዳፋ ላይ ሻይ በዳቦ ብለህ አሥራ አምስት ደቂቃ አርፈህ ተመለስ፤ ከዚያ በላይ ከተቀመጥክ እግርህ ይቀዘቅዛል።

ከብት ጠዋት መንገድ ሲያቋርጥ በመሀሉ ለመሹለክ አትሞክር፤ ላም ቆማ ታሳልፍህና ጥጃዋ በመጨረሻ ሰዓት ትሮጣለች። ከእረኛው ጋር በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ» (እንዴት አደርክ) ተባብለህ ቁም። ውሻ ከመጣ ከመሮጥ ይልቅ ውረድና ብስክሌቱን በመካከላችሁ አድርግ፤ ሩጫው ካበቃ አብዛኛው ውሻ ይሰለቸዋል። ሲኖትራክና አይሱዙ ከኋላ ስትሰማ የአስፋልቱን ጠርዝ ተጠንቀቅ፤ ክረምቱ አፈሩን አጥቦ ብዙ ቦታ ጠርዙን ደረጃ አድርጎታል። ከጠርዙ አንድ ሜትር ገባ ብለህ ንዳ፤ ዳር ላይ የተጣበቀ ሰው መሸሻ የለውም።

የጎማህን ጎን ቁጥር፣ የፊቱንና የኋላውን ትልቁን ጥርስ ብዛት እዚሁ ጻፍልን፣ የማርሽ ቀያሪውንም ፎቶ ለጥፍ፤ 28 ወይስ 32 እንደሚሸከም አይቶ የሚነግርህ ሰው አይጠፋም።