የአራት ዓመት ላብራቶሪ፣ የአንድ መስመር የልምድ ደብዳቤ

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ ዲግሪ አለኝ። በአንድ የግል ዩኒቨርሲቲ የባዮኬሚስትሪ ላብራቶሪ በየዓመቱ በሚታደስ ውል አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የሥራ ልምድ ስጠይቅ «በረዳትነት አገልግለዋል» የሚል ብቻ ጻፉልኝ። ሌላ ቦታ በቴክኒሻንነት መወዳደር እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጉዳይዎ የሚታየው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በአንቀጽ 12 መሠረት አሠሪ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ ይሰጣል፤ ውሉ ሲቋረጥ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜም። «መጀመሪያ መልቀቂያ አስገባ» ካሉዎት ሕጉ አይደግፋቸውም።

«ረዳት» የሚለው ቃል የሥራውን ዓይነት አይገልጽም። ማመልከቻዎ ላይ በትክክል የሚሠሩትን ይዘርዝሩ፦ በፈር ማዘጋጀት፣ ፒኤች ሜትር ማስተካከል፣ ስፔክትሮፎቶሜትርና ሴንትሪፊዩጅ ማሠራት፣ የኬሚካል ክምችት መመዝገብ፣ የተማሪዎችን የተግባር ትምህርት ማሰናዳት። ደብዳቤው ላይ የጀመሩበት ቀን ከነወሩ፣ የደመወዝዎ መጠንና የሥራ ግብር መከፈሉ ይግባ። ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ብዙ ጊዜ ውድቅ የሚሆነው ይህች የግብር መስመር ስትጎድል ነው፤ ማስታወቂያ የሚያነብ ሁሉ ያውቃታል። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ቁጥርና ማኅተም አስደርገው ለራስዎ ያስቀሩ። በቃል ብቻ የተጠየቀ ነገር ክርክር ላይ አይረዳዎትም።

የውሉ ነገር ደግሞ ከደብዳቤው ይከብዳል። በአንቀጽ 9 የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገመታል፤ በጊዜ መገደብ የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ነው። በየሴሚስተሩ የሚደገም የተማሪ ላብራቶሪ የማያቋርጥ ሥራ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ላይ «አንድ ዓመት» መባሉ ብቻውን ጊዜያዊ አያደርግዎትም። የተቀጠሩት ለአንድ የምርምር ፕሮጀክት ከነበረ ግን መልሱ ይለያል። ውሉ በታደሰ ቁጥር «የሙከራ ጊዜ» ማስገባትም አይቻልም፤ ለዚያው ሥራ በዚያው አሠሪ እንደገና የተቀጠረ ሠራተኛ አይሞከርም።

«የላብራቶሪ ኃላፊ» ቢያደርጉዎትስ? መቅጠር፣ ማዛወርና ማሰናበት የመሰለ ሥልጣን ካልተሰጠዎት ስሙ ብቻ አዋጁ የማይሸፍነው «የሥራ መሪ» አያደርግዎትም፤ አዋጁ ይጠብቅዎታል።

ውሉን «አናድስም» ብለው ቢያሰናብቱዎትና ወደ ሥራ መመለስ ከፈለጉ፣ ክስ የሚያቀርቡት በሦስት ወር ውስጥ ነው። ሽምግልና እየጠበቁ ቀኑን እንዳያሳልፉት። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ደግሞ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ይታገዳል።