ውሃ ጅማ ላይ ለምን በ94 ዲግሪ ይፈላል?

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ ተምረናል። ጅማ ላይ ስለካው ግን ቴርሞሜትሩ 94 ደርሶ ቀጥ አለ፤ እሳት ብጨምርም ንቅንቅ አላለም። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ቴርሞሜትሩ ጤነኛ ነው። 100 ዲግሪ የሚሠራው በባሕር ጠለል ላይ፣ የአየር ግፊቱ 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ግፊቱ ወደ 615 ይወርዳል።

ከፈሳሽ ገጽ ላይ ፈጣን ሞለኪውሎች ሁልጊዜ እያመለጡ ተን ይሆናሉ። ዕቃው ከተከደነ ተኑ ይጠራቀምና የሚወጣውና የሚመለሰው እኩል ይሆናል። ያኔ ተኑ የሚያሳድረው ግፊት የእንፋሎት ግፊት ይባላል፤ ክፍል ውስጥ ቬፐር ፕሬዠር የምትሉት ነው። የውሃ በ20 ዲግሪ 17.5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ፣ በ60 ዲግሪ 149፣ በ94 ዲግሪ 611 ነው። ውሃ የሚፈላው ይህ ግፊት ከላይ ከሚጫነው አየር ጋር ሲስተካከል ነው፤ ከዚያ በፊት በውስጡ የተን አረፋ ቢፈጠር እንኳ ይጨፈለቃል። እሳት ስትጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ የተጨመረው ሙቀት ለትነት ይውላል።

በዓይን ማየት ከፈለጋችሁ፣ ውሃ አፍልታችሁ 60 ዲግሪ እስኪወርድ ጠብቁ። ማፍላቱ የሟሟውን አየር ያስወጣል፤ አትዝለሉት። መርፌ በሌለው ባለ20 ሚሊሊትር ሲሪንጅ 5 ሚሊሊትር ሳቡ፤ ጫፉን ወደ ላይ አዙራችሁ አየሩን ጨርሳችሁ አስወጡና ጫፉን ጓንት ባጠለቀ ጣት ድፈኑ። ከዚያ ገፊ ዘንጉን ወደ ኋላ ጎትቱ፤ ውሃው በ60 ዲግሪ ይንፈቀፈቃል። ሙከራው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው አየር ሲቀርበት ነው፤ አየሩ ሲሰፋ የፈላ ይመስላል። ዘንጉን ልቀቁትና እዩ፤ ተን ከነበረ አረፋው ይጠፋል፣ አየር ከነበረ ይቀራል።

ጥያቄ፦ በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ ብዙ አልኮል ካለ የእንፋሎት ግፊቱ ይበልጣል?

መልስ፦ አይበልጥም። ሙሉ ጠርሙስም ይሁን አንድ ማንኪያ፣ ፈሳሽ እስከተረፈ ድረስ ኤታኖል በ20 ዲግሪ 44 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ግፊቱን የሚወስኑት የፈሳሹ ዓይነትና ሙቀቱ ናቸው። ሰፊ ሳህን ትነቱን ያፈጥናል፤ ግፊቱን ግን አይነካም። ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጥያቄ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ እሸት ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥቼ በፀሐይ ደህና ይደርቃል። ጭጋግ በዋለበት ቀን ግን ነፋስ ቢኖርም ምንም አይል። ማታ መሸፈንስ ግዴታ ነው ወይ? (ከአጋሮ)

መልስ፦ የሚያደርቀው ልዩነቱ ነው፤ በቡናው ገጽ ላይ ያለው የውሃ እንፋሎት ግፊት አየሩ ውስጥ ካለው ምን ያህል ይበልጣል የሚለው። ጭጋግ በዋለበት ቀን ሙቀቱ 20 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት 90 በመቶ ቢሆን ገጹ 17.5፣ አየሩ 15.8 ይሆናል፤ ልዩነቱ 2 እንኳ አይሞላም። ፀሐይ ወጥታ ቡናው 35 ዲግሪ ቢሞቅ፣ አየሩም 25 ዲግሪ ከ50 በመቶ እርጥበት ጋር ቢሆን፣ 42 ለ12 ነው፤ ልዩነቱ 30። ነፋስ ከገጹ ላይ እርጥቡን አየር ጠርጎ ይወስዳል፤ በቦታው የሚተካው ራሱ እርጥብ ከሆነ ግን የሚፈይደው ጥቂት ነው።

ማታ መሸፈን አለብዎት። ቀን 25 ዲግሪና 60 በመቶ የነበረ አየር ሌሊት ወደ 17 ዲግሪ ግድም ሲወርድ ጤዛ ይጥላል፤ ቀኑን ሙሉ የደረቀው ቡና ተመልሶ ይረጥባል። ፕላስቲክ በቀጥታ አያልብሱት፤ ከቡናው የሚወጣው ተን ፕላስቲኩ ሥር ውሃ ሆኖ መልሶ ይንጠባጠብበታል። መጀመሪያ ጆንያ ወይም አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ ያድርጉና ከላይ ፕላስቲኩን ይደርቡ። ጠዋት ጤዛው ከላይ ሳይደርቅ አይግለጡ። ውፍረቱን ከ4 ሴንቲሜትር አያሳልፉ፤ ቀን ቀን ደጋግመው ያገላብጡ። መጨረሻው ላይ ማድረቁ መጓተቱ አያስጨንቅዎ፤ የቀረው ውሃ ከፍሬው ውስጥ ቀስ እያለ የሚወጣ ስለሆነ ነው። እርጥበቱ 12 በመቶ ሳይደርስ ግን ጆንያ ውስጥ አይክተቱት፤ ይሻግታል።