ለታቱ ቀጠሮ ጾም ይፈታል?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ዓመት እናቴ በጠና ታማብኝ ነበር። ያኔ ‹ኪዳነ ምሕረት እናቴን ካተረፈችልኝ ክንዴ ላይ መስቀል እነቀሳለሁ› ብዬ ተሳልኩ። እናቴ ዳነች፤ ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን። አሁን ታቱ ቤት ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ቀብድም ከፍያለሁ። ቀጠሮው ግን ዐርብ ዋለ፤ ያውም በሁዳዴ። አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል ተብያለሁ። ነቃሹ ‹በባዶ ሆድ እንዳትመጪ፣ ሥጋ ነገር በልተሽ ነይ› አለኝ። ጾሜን ብፈታ ኃጢአት ይሆንብኛል? ከመጀመሬ በፊት ዳዊት ልድገም? መርፌው ላይ ጸበል ባስረጭበትስ? ስጨርስ ደግሞ ቁስሉን እምነት ልቀባው አስቤያለሁ። እሑድ ልቆርብ ነበር፤ ይከለክለኛል?»

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን እናትሽን ማረልሽ። ብዙ ሰው ተነቅሶ ከጨረሰ በኋላ ነው «ኃጢአት ነው እንዴ?» ብሎ የሚመጣው። አንቺ ከመርፌው በፊት ጠየቅሽ። ጥሩ አደረግሽ።

ከሆድሽ ልጀምር። ሰውዬው የነገረሽ ልክ ነው። ለሰዓታት የሚወጋ ሰውነት ይደነግጣል። ሆድ ባዶ ከሆነ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይወርዳል፣ ላብ ያሰምጣል፣ ዓይን ይጨልማል። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ራሳቸውን የሚስቱ አሉ። ስለዚህ «በልተሽ ነይ» ያለሽ ከሙያው ነው። ሁዳዴ መግባቱን እሱ ከየት ያውቀዋል?

እኛ ግን እናውቃለን። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ትራራለች። ደካማ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ የሚፈቀድለት ነገር አለ። ንቅሳት ግን ሕመም አይደለም። ማንም አላስገደደሽም። ቀኑንም የቆረጥሽው አንቺ ነሽ። የቆረጡትን ቀን ማዛወር ይቻላል። በዚያ ላይ ዐርብን የምንጾመው ጌታ የተሰቀለበት ቀን ስለሆነ ነው። መስቀሉን ክንድሽ ላይ ለማሳል ብለሽ የስቅለቱን ቀን በሥጋ ልትሽሪው ነው? እስቲ ቁጭ ብለሽ አስቢው። እኔ ገና ጥያቄሽን ሳነብ ነው ፈገግ ያልኩት፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

«የጾም ምግብ ጠዋት በልቼ ብሄድስ?» ትዪ ይሆናል። በሶ በጥብጠሽ ጠጥተሽ፣ ሽሮና ምስር ጠገብ ብለሽ ብትሄጂ ሰውነትሽ ይችለዋል። ጉልበት የሥጋ ብቻ አይደለም፤ ገበሬያችን በሽሮ ነው የሚያርሰው። ግን ጾም ሥጋና ቅቤ መተው ብቻ አይደለም፤ ሰዓትም አለው። ለጌጥም ይሁን ለስእለት፣ ለመርፌ ቀጠሮ ብለሽ ሰዓቱን አትስበሪ ነው የምልሽ። ሰዓቱን ጠብቀሽ ባዶ ሆድሽን ብትሄጂም አልመክርሽም። ወድቀሽ ትጎጂያለሽ።

አሁን ወደ ዳዊቱና ወደ ጸበሉ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የጥያቄሽ ልብ ያለው እዚህ ነው።

አያቴ ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አንገቷ ላይ ደግሞ ደርብ ደርብ ያለ ንቅሳት ነበራት። ድዷም ተነቅሶ ጥቁር ነበር። ልጅ ሆኜ ጭኗ ላይ ተኝቼ በጣቴ የግንባሯን መስቀል እከተለው ነበር። አንድ ቀን «እማማ፣ ስትነቀሺ ካህን ነበር? ዳዊት ተደገመልሽ?» አልኳት። ሳቋ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «ኧረ ምን ዳዊት! ሁለት ሴቶች እግሬን፣ አንዷ ራሴን ያዙኛ! እኔ እጮኻለሁ፣ ነቃሿ ትወጋለች» አለችኝ። ዕቃው እሾህና ጥላሸት ነበር። ድዷን የተነቀሰች ለት ከንፈሯ አብጦ ቀዝቀዝ ካለ አጥሚት በቀር ምንም አልቀመሰችም። በርበሬ የነካው ነገር ለቀናት አላየችም። ሥርዓቱ በቃ ይኼው ነበር። መያዝ፣ መጮህ፣ አጥሚት።

ይህን የማወራሽ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። እነዚያ እናቶች ንቅሳትን ንቅሳት አድርገው ነው ያዩት። ጌጥ ነው፣ የክርስትና ምልክት ነው፣ ለድድ ያማረ ነው። ከምሥጢራት ጋር አልቀላቀሉትም። ማተብሽን የተቀበልሽው በጥምቀት ነው፤ ያንን ካህን ባርኮ አስሮልሻል። ንቅሳት ግን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ አይደለም፤ ጸሎትም አልተሠራለትም። ስለዚህ መርፌው ላይ ጸበል ማስረጨቱን ተይው። የመርፌ ንጽሕና ሌላ ነገር ነው። አዲስ፣ ከታሸገበት ፊትሽ የተከፈተ መርፌ መሆኑን እዪ። ቀለሙም ለአንቺ ብቻ የተቀዳ ይሁን። የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ በተበከለ መርፌ ይተላለፋሉ። «ጸበል ረጭቼበታለሁ» ብሎ የመርፌውን ነገር ችላ ማለት እምነት አይደለም፤ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው።

ጸሎት ግን ማን ይከለክልሻል? አማትቢና ግቢ። አባታችን ሆይ በዪ። የምታውቂውን መዝሙር በልብሽ አዚሚ። ሕመሙ ሲጠና «አቤቱ ማረኝ» ማለት የትም ቦታ ያምራል። ጧፍ አብርቶ፣ ዕጣን አጭሶ፣ ነጠላ አጣፍቶ የታቱ ወንበር ላይ መቀመጥ ግን ሌላ መልክ ይይዛል። አንዳንዶች እንዲህ እያደረጉ ፎቶ ሲለጥፉ አይቻለሁ። ደስ አላለኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር እንዳላልፍ። «ለድፍረት አንድ ሁለት ልበልበት» የሚሉ ጓደኞች አይጠፉም። አልኮል የደም መፍሰስን ያበዛል፤ ነቃሾቹም የጠጣ ሰው አይወዱም። በሁዳዴ መሆኑንማ ተይው።

«ለመሆኑ ራሱ ንቅሳቱስ ይፈቀዳል?» ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ግን ሳልነካው ባልፍ ሌላው አንባቢ ይይዘኛል። ዘሌዋውያን 19፥28 ላይ ስለ ሞተ ሰው ሥጋን መንጨትና ገላን መነቀስ ተከልክሏል። ምዕራፉ ሕዝቡን ከአሕዛብ የልቅሶና የአምልኮ ልማድ የሚለይ ነው። መምህራን በዚህ ላይ በአንድ ቃል አይናገሩም። «ፈጽሞ አይገባም» የሚሉ አሉ። የመስቀልን ንቅሳት ከአሕዛቡ የሚለዩም አሉ። እኔ የአያቴን ግንባር አይቼ ያደግሁ ነኝና ፍርዴ ለስለስ ይላል፤ አልደብቅሽም። ቢሆንም አንድ ወጣት «ልነቀስ?» ብሎ ቢመጣ «ይቅርብህ» ነው የምለው። ሐዋርያው ሥጋችሁ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው ብሏል። ቤተ መቅደስ ላይ ሥዕል ይሣላል፤ ልክ ነው። ግን ማን፣ ምን፣ ለምን እንደሚሥል ተጠይቆ ነው።

የመስቀል ንቅሳት የኛ ብቻም አይደለም። ግብጻውያን ክርስቲያኖች ቀኝ የእጃቸው አንጓ ላይ ትንሽ መስቀል ይነቀሳሉ፤ ሕፃናት ሳይቀሩ። ኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ ውስጥ ደግሞ ራዙክ የሚባል ከግብጽ የመጣ ቤተሰብ አለ። ለትውልዶች ተሳላሚዎችን ሲነቅስ የኖረ ነው። የኛም ተሳላሚዎች ከበሩ ቆመው ያውቃሉ። ቅርጹ እንጨት ላይ ተቀርጿል። መጀመሪያ እንደ ማኅተም ክንድ ላይ ያትሙታል፣ ከዚያ መርፌው ይከተለዋል።

በ1697 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ሞንድሬል የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ከሐለብ ተነሥቶ ኢየሩሳሌም ለፋሲካ ወርዶ ነበር። ይኼንኑ ሥራ ቆሞ አይቶታል። በከሰል ዱቄት የእንጨቱን ቅርጽ ክንድ ላይ ያትማሉ። ሁለት ቀጫጭን መርፌዎች አንድ ላይ ታስረው እንደ ብዕር ቀለም ውስጥ ይነከራሉ። ቀለሙ ባሩድና የበሬ ሐሞት ነው ተብሎ ነገሩት። ተወግቶ ሲያልቅ ቁስሉን በወይን ጠጅ ያጥቡታል። ታዲያ ይኼ ሁሉ የሆነው መቼ መሰለሽ? እነሱ በሚቆጥሩት በስቅለት ማግስት ቅዳሜ። ተሳላሚው ሥራ ፈትቶ ስለነበር ነው ይላል ቄሱ። እኛ እንግዲህ በቀዳም ሥዑር አክፍሎት ላይ ነን፤ ውኃ እንኳ የማይቀምስ አለ። ይህን ታሪክ ይዘሽ «ኢየሩሳሌምም እንዲህ ነበር» ብለሽ እንዳትመልሺልኝ ብዬ ነው።

ከንቅሳቱ በኋላ ያለው ነገር ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። አዲስ ንቅሳት ጌጥ ቢመስልም ቁስል ነው። በሺህ ጊዜ የተወጋ ቆዳ ነው። ላዩ እስኪድን ሁለትና ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። እምነት ደግሞ አፈር ወይም አመድ ነው። ለበረከት ግንባርሽን ተቀቢው። ክፍት ቁስል ላይ ግን አትነስንሺው፤ ያመረቅዛል። ጸበልም እንደዚሁ። መጠጣት ትችያለሽ። ገንዳ ውስጥ መነከር ወይም ክንድሽን መዘፍዘፍ ግን ቁስሉ እስኪጠግግ ይቆይ። ነቃሹ የነገረሽን ሳሙናና ቅባት አክብሪ። ቅቤም አትቀቢበት፤ እናትሽ ብትልሽም። ውኃ ደህና አድርገሽ ጠጪ። ቀይ ሆኖ ካበጠ፣ ከጋለ ወይም ትኩሳት ካመጣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሐኪም ጋ መሄድ ከጸበል አያጣላሽም።

ቁርባኑስ? እሑድ ልትቆርቢ ዐርብ መነቀስ አይሆንም። ለሥጋ ወደሙ የሚዘጋጅ ሰው 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ ተለይቶ ነው የሚቀርበው፤ ይህን ታውቂዋለሽ። በዚያ ላይ ደም የሚፈሰው ሰው አይቆርብም፤ ሥርዓታችን ነው። የሁለት ቀን ንቅሳት ገና ደምና ውኃ ያዣል። ከቆረቡ በኋላም እንዲሁ ነው። ከቅዳሴ ስንወጣ እናቶች «እሾህ እንዳይወጋሽ፣ ጫማሽን አድርጊ» የሚሉት በከንቱ አይደለም። የተቀበልነውን ይዘን ደም እንዳናፈስ ነው። በእሾህ እንዲህ ከተጠነቀቅን፣ ቆርቦ ወደ ታቱ ቤት መሄዱን አንቺው መልሺው። ቅድሚያውን ለቁርባኑ ስጪ። እሑድ ቁረቢ፤ መርፌው ይጠብቅሻል።

የቀረው ስእለቱ ነው። መክብብ 5፥4 ስእለት እንዳይዘገይ ያዝዛል፤ እንደቀልድ የሚታይ ነገር አይደለም። ግን በጭንቅ ሰዓት የወጣ ቃል ሁሉ ቃል በቃል መፈጸም አለበት ማለት አይደለም። አንድ ልጅ «እናቴ ከዳነች ዓመት ሙሉ አልናገርም» ብሎ ተስሎ መጥቶ ነበር። ንስሐ አባቱ ምን አሉት? «በዓመቱ ውስጥ ሐሜት አትናገር።» ልጁ ይኼኛው ከዝምታው ይብሳል ብሎ አማረረ። አንቺም ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። «ተነቀሽ» ሊሉሽ ይችላሉ፤ «ለኪዳነ ምሕረት ጧፍና ዕጣን አስገቢ፣ ጃንጥላ ስጪ» ሊሉሽም ይችላሉ። እኔ ከሩቅ ሆኜ ስእለት አልፈታም፤ ሥልጣኑም የእሳቸው ነው። ይህን ሳትጨርሺ ወደ ቀጠሮው አትሂጂ።

ንስሐ አባትሽ ፈቅደው የምትነቀሺ ከሆነ ታቱ ቤቱ ጋ ዛሬውኑ ደውዪ። ቀብድ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ስትቀሪ ነው፤ ቀደም ብለሽ ከተናገርሽ ቀን ይቀይሩልሻል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉትን 50 ቀናት ምረጪ። በዚያ ጊዜ ረቡዕና ዐርብ እንኳ ጾም የለም። ቁርስሽን ጠግበሽ ብዪ፣ ከፈለግሽ ሰውዬው ያለሽን ሥጋም ጨምሪበት። አንድ ሁለት ሙዝ ደግሞ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ። አራት ሰዓት ረጅም ነው።