ሳሉን ከማፈን አክታውን ማውጣት

እህቴ፣ «ልጄ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ እንዳለበት ተነገረኝ፤ ሌሊት ሳሉ ስለማያስተኛው የሳል ሽሮፕ ልስጠው ወይ? ሰገራው ቅባት ስለሚበዛበትስ ቅቤ ልከልክለው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እዚሁ ጅማ ይህ ሕመም ያለባት ልጅ ስለማሳድግ ከኖርኩት ልመልስልሽ።

ሳል የሚያፍን ሽሮፕ አትስጪው። በዚህ ሕመም ጨውና ውሃ በሕዋሳት በኩል በአግባቡ ስለማይተላለፉ አክታው ይወፍርና ሳንባ ውስጥ ይጣበቃል፤ ተኝቶ የከረመ አክታ ደግሞ ጀርም ያራባል። ልጅሽ ያንን የሚያወጣው በሳሉ ነው። እኛ ቤት ጠዋትና ማታ ልጄ በመጀመሪያ የአየር ቧንቧ የሚከፍተውን መድኃኒት፣ ቀጥሎም ሐኪም ያዘዘላትን ጨዋማ ውህድ በኔቡላይዘር፣ ማለትም ፈሳሽ መድኃኒትን ወደ ጉም በሚቀይር መሣሪያ፣ ትስባለች። ከዚያ በረጅሙ አየር ስባ፣ መስታወት በትንፋሹ እንደሚያደበዝዝ ሰው አፏን ከፍታ «ሃ» እያለች በኃይል ታስወጣለች። አክታው ሲንቀሳቀስ ይሰማል፤ ያኔ ስላ ትተፋዋለች። መብራት በጠፋ ቀን የትንፋሹን ልምምድ፣ ገመድ ዝላዩንና ሩጫውን እናበዛለን። ጨዋማው ውህድ ደረት ሊያጠብ ስለሚችል የመጀመሪያውን መጠን ሐኪም ፊት ይውሰድ። የሚፈሉትን የመሣሪያውን ክፍሎች ከተጠቀማችሁ በኋላ አጥበሽ ለ5 ደቂቃ አፍልተሽ አድርቂ።

ቅቤማ እንዳትከለክዪው! ሰገራው ቅባታማ የሆነው ቅባቱን የሚፈጨው የቆሽቱ ኢንዛይም አንጀት ስለማይደርስ ነው። መፍትሔው የታዘዘለትን የኢንዛይም ካፕሱል ከምግብ ጋር መስጠት ነው፤ ከዚያ ቅቤ የጠገበ ገንፎ፣ እንቁላል፣ አቮካዶ ይብላ። በአቮካዶ እንኳ ጅማ አያሳፍረንም። ካፕሱሉን መዋጥ ካቃተው ከፍተሽ ፍሬዎቹን እንደ ተፈጨ ፖም ባለ ጎምዘዝ ያለ ለስላሳ ምግብ ላይ በትኚለት፤ አያኝካቸው፣ ትኩስ ምግብም ላይ አይሁን። በላቡ ብዙ ጨው ስለሚወጣ በሙቀት ወቅት ምን ያህል ጨው እንደምትጨምሪለት ሐኪሙን ጠይቂ።

ቡና ሲቆላ፣ ከሰል ሲያያዝና ዕጣን ሲጨስ ልጁ ቤት ውስጥ አይቀመጥ። እኛ ቡናውን የምንቆላው ደጅ ነው። ጎረቤት መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ አሁን ለምዶታል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሕመሙ የተረጋገጠው በምንድን ነው? በላቡ ውስጥ ያለውን ክሎራይድ (አንዱን የጨው ክፍል) የሚለካው ምርመራ ካልተሠራለት እንዲሠራ ጠይቂ። ክሎራይዱ በሊትር 60 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕመሙን በጥብቅ ያመለክታል። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራውም አይቅር፤ ሳሉ ይመሳሰላል። «ከእናቱ ነው» የሚልሽን ደግሞ አትስሚ። ሕመሙ የሚመጣው ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ዘረ-መል ሲወረስ ነው፤ ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ 25 በመቶ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2019 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ትራይካፍታ የተባለ መድኃኒት ዘረ-መላቸው ለሚስማማው ሰዎች ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። ዋጋው ግን ለእንደኛ ዓይነቱ ቤተሰብ የማይቀመስ ነው፤ ይህ ያንገበግበኛል። የዘረ-መል ምርመራ ውጤት ካላችሁ በደንብ አስቀምጪው።

አክታው ከበዛ፣ ቀለሙ ከተለወጠ፣ ምግብ ካስጠላው ወይም ክብደቱ ከቀነሰ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሆስፒታል ውሰጂው። ጀርሙ ተለይቶ ትክክለኛው ፀረ-ባክቴሪያ እንዲታዘዝለትም የአክታ ካልቸር ይሠራለት በያቸው።