ጠፈርተኛ መሆን ለፈራችው ተማሪ

«ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጠፈርተኛ መሆን እመኛለሁ። ሰሞኑን ግን ቻሌንጀር የተባለችውን የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር አደጋ ቪዲዮ አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። እናቴም ሌላ ሙያ ጠፍቶ ነው ወይ ትለኛለች። ልተወው?» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

አትተይው። ፍርሃትሽንም ግን አትጣይው፣ በዚህ ሥራ ውስጥ ይፈለጋል።

ያየሽው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 የሆነውን ነው። መንኮራኩሯ ከተነሳች በ73ኛው ሰከንድ ፈራረሰች፣ በውስጧ የነበሩት ሰባቱም ሰዎች ሞቱ። አንዷ ክሪስታ ማክኦሊፍ አስተማሪ ነበረች፤ ተማሪዎቿ በቴሌቪዥን እያዩዋት ነበር።

ቪዲዮው የማያሳይሽ ግን የዋዜማውን ማታ ነው። ሮኬቱን የሠራው ድርጅት መሐንዲሶች፣ ሮጀር ቦይስጆሊን ጨምሮ፣ በስልክ ስብሰባ ተሟገቱ። ብርዱ የሮኬቱን መጋጠሚያ የሚደፍነውን የጎማ ቀለበት ያደነድነዋል፣ ጋዝ ያሾልካል፣ ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አታስነሱ አሉ። ቦይስጆሊማ ሰው ሊሞት ይችላል ብሎ በጽሑፍ ካስጠነቀቀ ስድስት ወር ሆኖት ነበር። አንድ የድርጅቱ አለቃ ግን የምህንድስናውን ኃላፊ «የመሐንዲስ ኮፍያህን አውልቅና የሥራ አስኪያጁን አድርግ» አለው። ሰውየው ሐሳቡን ቀየረ። በማግስቱ በ2 ዲግሪ ገደማ ተነሳች። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ያቺ ስብሰባ ትከነክነኛለች።

በኋላ በምርመራው ላይ የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን የዚያን ጎማ ቁራጭ በመቆንጠጫ ጨምቆ በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ ነከረው። አውጥቶ መቆንጠጫውን ሲፈታው ጎማው ቶሎ ወደ ቅርጹ አልተመለሰም። በቃ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሁሉንም አሳየ።

እ.ኤ.አ. በ2003 ኮሎምቢያ በተባለችው ሌላ መንኮራኩር ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ስትነሳ ከነዳጅ ታንኩ የተላቀቀ የፎም (ስፖንጅ መሰል መሸፈኛ) ቁራጭ ግራ ክንፏን መታት፤ መሐንዲሶች ክንፉ ፎቶ ይነሳልን ብለው ጠየቁ፣ ሰሚ አላገኙም፣ ከ16 ቀን በኋላ ስትመለስ ትኩስ ጋዝ በተመታው በኩል ገብቶ በታተናት። ሰባት ሰው። ከነሱ መካከል ካልፓና ቻውላ አለች፤ እሷም እንዳንቺ ምህንድስና በመማር ነው የጀመረችው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የጠፈርተኛ ወንበር በጣም ጥቂት ነው። ናሳ በ2021 ከ12,000 በላይ አመልካቾች 10 ሰው ብቻ ነው የመረጠው፣ የሚቀበለውም የአሜሪካ ዜጎችን ብቻ ነው። ስለዚህ ሕይወትሽን በሙሉ በዚያ ወንበር ላይ አትንጠልጥይው። እነዚያን ሰዎች በሕይወት የሚመልሰው ሥራ ግን ሰፊ ነው። አፖሎ 1 የተባለችው መንኮራኩር ሦስት ጠፈርተኞች እ.ኤ.አ. በ1967 መሬት ላይ፣ ሙከራ ላይ እያሉ ነው በእሳት የሞቱት። ካቢኑ ንጹህ ኦክስጅን ተሞልቶ ነበር፣ በሩ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለነበር ግፊቱ አላስከፍት አለ። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብሎ በቶሎ ወደ ውጭ የሚከፈት በር የነደፈ ሰው አለ። እሱም ሙያ ነው!

ስለዚህ የማቴሪያል ሳይንስና ስታቲስቲክስ ኮርሶችን አጥብቀሽ ያዢ፤ የደህንነት ምህንድስና የሚባል ዘርፍ አለ፣ እሱን ፈትሺ። የቻሌንጀርና የኮሎምቢያ የምርመራ ሪፖርቶች በነጻ ይገኛሉ፣ በዚህ ክረምት ቢያንስ አንዱን ጨርሺ። ሌላው፣ ከአሁኑ መናገር ልመጂ። የቡድን ፕሮጀክት ላይ ልክ ያልመሰለሽ ቁጥር ካለ፣ ሰዓት ደርሷል ቢሉሽም ጠይቂ፣ ጥያቄሽንም ጽፈሽ አስቀምጪ።

ለእናትሽ አደጋ የለውም ብለሽ እንዳትዋሺያት። አደጋ አለው፣ ሰዎች ሞተዋል። ስማቸውን ንገሪያት፣ ለምን እንደሞቱም አስረጂያት፤ አብዛኛው ሥራ መሬት ላይ እንደሆነም ጨምሪላት። የመብረር ዕድል ከመጣ ያኔ ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ እንደገና ታወራላችሁ።